ካብ ላይ የተሰጣው ጋቢ

እናቴ ሳሙና የምትገዛው ለሙሽራና ለሬሳ ብቻ ነበር። ለሙሽራ እንግዳ ስለሚበዛ፣ ለሬሳ ደግሞ ስለማይደገም። ሁለቱንም ያልሆነ ሰው አርፎ በእንዶድ ይታጠባል።

እንዶዱም ቢሆን እንዲሁ አይበተንም። ከመርሐቤቴ በኩል፣ ከቆላው፣ ሴቶች በአህያ ጭነው ሞላሌ ገበያ ያወጡታል፤ እናቴ ብርነሽ ፍሬውን አንድ በአንድ እያየች ትገዛለች። ቤት ስትመጣ በሙቀጫ የምትወቅጠው አንድ እፍኝ ነው። ያች እፍኝ የምታወጣው አረፋ ስድስት ልብስ ማጠብ አለበት። መጀመሪያ የእናቴ ነጠላ ይገባል፣ ቀጥሎ የወንድሜ ሸሚዝ፣ ቀጥሎ የኔ ቀሚስ፣ ከዚያ የመደቡ አንሶላ፣ ከዚያ ጆንያ፣ ውሃው ጭቃ ሲመስል ደግሞ የፈረሱ ግላስ። በዚያም አያበቃም፤ የተረፈው ከምንጩ በታች ወዳለው ኩሬ ይደፋል፤ እንዶድ አልቅት ይፈጃልና። ውሃ ማሞቅ የሚባል ነገር የለም። ኩበት ለሆድ እንጂ ለልብስ አይነድም። እኔ ጽናት ይኼን ሁሉ የያዝኩት አባታችን ሆይን ሳልይዝ ነው። በስምንት ዓመቴ በልብስ አጠባ ቁጠባ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ማንም ባያመሰግነኝም። እናቴ ምስጋናም ትቆጥብ ነበር።

አንድ ሥራ ብቻ ከኔ ሥልጣን ውጪ ነበር። በኛ አገር ጋቢና ከበግ ጠጉር የተሠራ ዝተት የሚያጥበው ወንድ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ የሴት ክንድ አይችለውም ይባላል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ይገቡና በእግራቸው ይረግጡታል። ታኅሣሥ ላይ የመንዝ ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ጎረምሳ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ካዩት ሴቶቹ እየሳቁ "ፈሪ" ይሉታል። እኔም ስቄ ብያለሁ። ይኼን የምናገረው ኋላ የመጣው ጥፋት ከዚህች ቃል ስለተነሣ ነው።

በቤታችን ታጥቦ የማያውቅ አንድ ልብስ ነበር። የአባቴ ጋቢ።

አባቴ ተገኘ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለዓመታት ተከልክሎ የቆየው የጓሳ ሣር ተፈቅዶ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ስሎ የወጣ ቀን ነው። መኳንንት ከሚባል ማዶ ሰፈር ከሚኖር ሰው ጋር በአንድ ሸክም ሣር ተጣሉ። መጀመሪያ ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ተናነቁ፣ ከዚያ የመኳንንት ማጭድ አባቴን አንገቱ ላይ አገኘው። አራት ሰዎች በጋቢው ጠቅልለው ሲያመጡት ትዝ ይለኛል። ጋቢው ከወገቡ በላይ ቀይ፣ ከወገቡ በታች ነጭ ነበር። እናቴ ፊቷን ስትነጭ፣ ፈረሱ ሲያናፋ፣ ውሻችን ከበሩ ላይ የተንጠባጠበውን ሲልስና አንድ ሰው በድንጋይ ሲመታው ትዝ ይለኛል። አባቴን በሌላ ልብስ ገንዘው ቀበሩት። ጋቢውን ስልቻ ውስጥ ከተው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። መኳንንት ጠፋ፤ ፖሊስም ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠላ ጠጥቶ ሄደ።

በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ቄሶቹ ተሸኝተው ሲያበቁ፣ አጎቴ ስንታየሁ ስልቻውን ያወርዳል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። እስከ ዛሬ አልወደውም፤ ሞቶም አልወደውም። እኔን "ውጪ" ይለኛል። እወጣና በሳንቃው ስንጥቅ አያለሁ። ጋቢው ሲዘረጋ እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኮሻኮሻል። አጎቴ የወንድሜን የወንዳፈራሁን እጅ ይዞ ጥቁሩ ላይ ይጫነዋል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የአባዬ ጋቢ።"

"ለምን አልታጠበም?"

ወንዴ እጁን ሊያነሣ ይሞክራል።

"ለምን አልታጠበም ነው የምልህ!"

ጥፊው እስከ ውጪ ይሰማል። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የወንዴ አፍንጫ ይደማል፤ አጎቴ ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠርጎለት "ፈሪ ስለሆንህ ነው" ይለዋል። እናቴ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች።

እኔ ምን ልረዳ? የሰማሁትን ነው የተረዳሁት። ጋቢ ማጠብ የወንድ ሥራ ነው። ወንዴ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈራል። ስላላጠበው ይመታል። ወንዴን እወደው ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተሩ መሀል ቆሎ ደብቆ ያመጣልኝ የነበረ ልጅ ነው፤ በየዓመቱ አፍንጫው በአንድ ጋቢ ምክንያት ሲደማ ማየት አቃጠለኝ።

አንድ ቀን እናቴን ጠየቅኋት።

"እማ፣ የአባዬ ጋቢ የማይታጠበው ለምንድን ነው?"

እጇ ሥራ ላይ እንዳለ ቆመ። "ሳሙና የለማ" አለች።

"በእንዶድስ?"

"እንዶዱ ከየት መጥቶ ልጄ? እሱ ጋቢ ለብቻው አንድ ቁና ይበላል።"

አመንኳት። በኛ ቤት ይኼ በቂ ምክንያት ነበር።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። በኛ ወገን የተገደለ ሰው ልብስ ደሙ ሳይመለስ አይታጠብም። ስልቻው ውስጥ ተቀምጦ ልጅየው እስኪያድግ ይጠብቃል። ከታጠበ ግን ነገሩ አልቋል፣ ትተነዋል፣ ታርቀናል ማለት ነው። ማዶ ያለውም ወዲህ ያለውም ይኼን ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሦስተኛው ሙት ዓመት ባለፈ በሳምንቱ አጎቴ ክላሽ ተሸክሞ መጣ። ታኅሣሥ ነበር፤ ወንዴ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። "ተነሥ፣ መርሐቤቴ እንወርዳለን" አለው። "ሰውየው እዚያ በቅጥር ያርሳል አሉ፣ ያየው ሰው አለ።"

እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። "ወንድም ጋሼ፣ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ።"

"ለኔስ ስንት ወንድም ነበረኝ?" አለና በእግሩ ገፋት። ጭንቅላቷ ከሙቀጫው ጋር ተጋጨ፤ ግንባሯ ተሰነጠቀ። ወንዴ ሊያነሣት ሲጎነበስ አጎቴ በሰደፍ ጀርባውን መታው። ወንዴ ተነሥቶ የክላሹን ማንገቻ ትከሻው ላይ አደረገ። ሲወጣ ያለቅስ ነበር።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። መርሐቤቴ! እንዶድ የሚመጣው ከዚያ አይደለም? በመጨረሻ ሊገዙ ሄዱ አልኩ። ጠመንጃውም አላስገረመኝም፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይይዛል። የወንዴ ልቅሶ ብቻ አሳዘነኝ። ሲመለስ ያ ውሃ ይጠብቀዋል።

በማግሥቱ እናቴ ገበያ ባልሆነ ቀን የገበያ ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ሙቀጫው እስከ አፉ በተወቀጠ እንዶድ ተሞልቷል። በሕይወቴ ያን ያህል እንዶድ አይቼ አላውቅም። ስልቻው ከምሰሶው ወርዶ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

"አይጥ ሲቦረቡረው ሰምቼ ነው ያወረድኩት" አለች ሳልጠይቃት። ግንባሯ ላይ ጨርቅ አስራለች። "ቤተ ክርስቲያን ልሳለም፣ ቶሎ አልመለስም። እንዶዱን እንዳታበላሺው። ልብስ ካሰጣሽም ከላይኛው ካብ ላይ አስጪው፣ ፀሐዩ እዚያ ነው።"

ገና ከአጥሩ ሳትርቅ ወሰንኩ። እኔ አጥበዋለሁ። ወንዴ ሲመለስ ታጥቦ ያገኘዋል፤ አጎቴም ሁለተኛ ፈሪ አይለውም።

ጋቢውን ከስልቻው ጎትቼ ሳወጣው ሽታው ማጅራቴን ያዘኝ፤ የዛገ ብረትና የአይጥ ሽታ ነበረው። እስከ ምንጩ በመሬት ጎተትኩት። ከብት የሚጠጣበት የድንጋይ ገንዳ ዙሪያውን በረዶ ይዟል። በረዶውን በድንጋይ ሰብሬ ዘፈዘፍኩት፣ የአመድ ውሃ ጨመርኩበት፣ እንዶዱን ግማሹን ገለበጥኩና ገባሁ። እግሬ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ የኔ መሆኑ ጠፋኝ። ረገጥኩ። ከጣቶቼ መሀል ቡናማ ነገር ወጣ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። አረፋው ራሱ ቀላ። ውሃውን ደፍቼ እንደገና ረገጥኩ፣ እንደገና ደፋሁ። ድንጋይ ላይ እያነሣሁ ስደበድበው ፊቴና ደረቴ ላይ ይረጨኝ ነበር። የበረዶው ስባሪ ቁርጭምጭሚቴን ቀዶኝ ኖሮ የኔም ደም ተቀላቅሏል። አባቴ በኔ እግር ሥር ወንዝ ወርዶ ሄደ። ያን ጊዜ ግን ቆሻሻ ነው ያልኩት።

አሁን ሞላሌ ውስጥ የአንድ ፔንሲዮን አንሶላ አጣቢ ነኝ። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል እንጂ በሙቅ እንደማይለቅ፣ ሙቅ ካገኘው ተጣብቆ እንደሚቀር በየሳምንቱ ለአዲስ ሠራተኛ እናገራለሁ። በኩበት ሰስቼ ባይሆን ኖሮ፣ ውሃውን አሙቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ጋቢ ቀይ እንደሆነ ይቀር ነበር። መኳንንትም ማዶ እንደተደበቀ ይቀር ነበር። ይኼን እያሰብኩ ነው አንሶላ የምዘፈዝፈው።

እኩለ ቀን ላይ ካቡ ላይ ጎትቼ አወጣሁት። ፍጹም አልነበረም። ከቅርብ ሲያዩት በጠርዙ በኩል የቀጠነ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ጥላ ቀርቶበታል። ከሩቅ ግን ነጭ ነበር። ካቡ ከፍታው ላይ ስለሆነ ከገደሉ ማዶ ያለው ሰፈር ሁሉ ያየዋል።

መጀመሪያ ያየችው የአጎቴ ሚስት ሸዋረግ ናት። እሳት ልትጭር መጥታ ካቡ ጋ ስትደርስ ገሏ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። "ምን ጉድ ነው? ማን ነው ይኼን የነካው?" ስትል እናቴ ከበስተጀርባዋ ደረሰች።

እናቴ ጋቢውን በሩቁ አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ሸዋረግን አየች። ልብስ መደብደቢያውን እንጨት አንሥታ ጭኔ ላይ አሳረፈችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጀርባዬን፣ ሦስተኛው ክንዴን አገኘኝ። ወድቄ ስንከባለል እየተከተለች መታችኝ። "ማን አዘዘሽ? ማን ንኪው አለሽ?" ትላለች፤ እኔ "እማ፣ እንዶዱን አልጨረስኩትም! ግማሹ አለ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ጥፋቴ እሱ መስሎኝ ነበር። እንጨቱ ሲሰበር በእጇ ቀጠለች። ሸዋረግ ራሷ "ኧረ በእመብርሃን ልትገድያት ነው" ብላ ገላገለችኝ። ግራ ክንዴ ዛሬም ሲበርድ ያመኛል።

ሸዋረግ ከሄደች በኋላ እናቴ ቅቤ አቅልጣ ጀርባዬን አሸችኝ። ጋቢውን ግን ከካቡ ላይ አላነሣችውም። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነበር። ወደ እሱ አልቀረበችም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ እናቴ ምንጭ ወርዳ ሳለ፣ አንድ ሰው ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ወደ በራችን መጣ። ፊቱ ፀሐይ እንዳላየ ሰው ገርጥቷል። ከኋላው አንዲት አሮጊት ጥቁር ለብሰው ይከተሉታል። በሩ ላይ ሲደርስ ተንበረከከ። የኛ ልብስ መውቂያ ድንጋይ ተሰንጥቆ ነበርና፣ ሌላ አመጣልን ብዬ ደስ አለኝ።

"እዚያ ጋ አስቀምጡት" አልኩት።

ሰውየው ድንጋዩን አላወረደም። "እናትሽ አለች ወይ፣ የኔ እናት?"

"ምንጭ ወርዳለች።"

አንገቱን ማዞር ስላልቻለ በዐይኑ ወደ ካቡ አሳየኝ። "ያን ጋቢ ማን አጠበው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ብቻዬን። ወንዴን ውሃው ስለሚበርደው።"

"ትልልቆቹ አዘውሽ ነው?"

"ማንም አላዘዘኝም። ወንዴ ሲመጣ ነው የሚያየው።"

"የት ሄደ ወንድምሽ?"

"መርሐቤቴ። ከአጎቴ ጋር እንዶድ ሊገዙ።"

አሮጊቲቱ ክንዱን ያዙት። "ልጄ፣ ተነሥ። ቄሱ እሑድን ጠብቁ ብለውን አልነበረም? ተነሥ እንሂድ።"

መኳንንት እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም። መርሐቤቴ አልነበረም፤ ሦስቱን ዓመት ከኛ ገደል ማዶ፣ በእናቱ በእማማ ጌታነሽ ቤት፣ ከጎታው ጀርባ ነበር የኖረው። በግድግዳው ቀዳዳ የሚያየው የኛን ካብ ነው። ጋቢው ነጭ ሆኖ ሦስት ቀን ሲውል አይቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ማሩኝ ሊል ወጣ።

አንድ ጉልበቱን እንዳነሣ ከታች መንገድ ላይ የአጎቴ ሳል ተሰማ። መርሐቤቴ ያየነው ሌላ ሰው ነው ብለው ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ ነበር። ሰውየው ድንጋዩን ጥሎ መሮጥ ይችል ነበር። አልጣለውም። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ አላውቅም።

አጎቴ ሲያየው መጀመሪያ ሳቀ። "ወንዳፈራሁ፣ እግዜር ደጅህ ድረስ አመጣልህ።"

ወንዴ ግን የሚያየው ካቡን ነበር። "ጋሼ፣ ጋቢው ታጥቧል" አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን አልረሳውም። ከእስር የተፈታ ሰው ድምፅ ነበር።

"ማን አጠበው? እኔ አጠብኩት? አንተ አጠብኸው?"

"እኔ ነኝ!" አልኩ። አሁን እመሰገናለሁ ብዬ ነው።

አጎቴ ወንዴን በጥፊ መታው፤ ያው አፍንጫው ደማ። "የሕፃን እጅ ደም አያነጻም። ተኩስ። ካልተኮስህ እኔ አንተ ላይ እተኩሳለሁ፤ ከዚያ እሱ ላይ።"

"ማሩኝ" አለ መኳንንት። "ስለ እመብርሃን፣ ማረኝ ልጄ።"

አሮጊቲቱ ከልጃቸው ፊት ሊቆሙ ሲሉ አጎቴ በክንዱ ገፍቶ ጣላቸው። ወንዴ ተኮሰ። የመጀመሪያው ካቡን መታ፤ የድንጋይ ስባሪ ጉንጬን ቆረጠኝ። ሁለተኛው መኳንንትን ሆዱ ላይ አገኘው። ድንጋዩ ከጫንቃው ወድቆ የገዛ እግሩን ሰበረ። እየተንፏቀቀ ወደ ካቡ ሄዶ ጋቢውን ያዘ፤ ጋቢው ተጎትቶ በላዩ ወረደ። ሦስተኛው ጥይት በጋቢው ውስጥ አለፈ። ወንዴ ክላሹን ጣለ። እኔ የጮህኩት "ጋቢው! ጋቢው ቆሸሸ!" ብዬ ነው። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ ጀሪካኗን ጥላ ስትደርስ እማማ ጌታነሽ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገውታል። አልጮኹም። በጋቢው ቀስ ብለው ጠቀለሉት፤ እናት ሕፃን ስታቅፍ እንደምታደርገው ጫፉን አንገቱ ሥር ሸጎጡት። የማዶ ሰዎች መጥተው ተሸክመውት ሄዱ። ጋቢውም አብሮ ሄደ።

ወንዴ ያንኑ ቀን እጁን ሰጠ። ሃያ ዓመት ተፈረደበት። አጎቴ ስሙን እንዳያነሣ አስምሎት ነበር፤ እሱም አላነሣም። አጎቴ አልጋው ላይ በሰላም ሞተ።

ወንዴ አመክሮ አግኝቶ አምና ተፈታ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ግማሹን የበላው እስር ቤት ነው። ቤት ገባ፤ ከቤት አልወጣም። በር ፊት አይቀመጥም፣ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ ውሻ ሲጮህ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋቢው እነሱ ቤት ነው። የመኳንንት የወንድም ልጆች አድገዋል። እኛ ቤት እንደነበረው ያለ ስልቻ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እነሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚታየኝ፤ አንድ ሰው በየዓመቱ አውርዶ የአንድ ልጅ እጅ ላዩ ላይ ሲጭን።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ሞላሌ የምሠራበት ድረስ ፈልጋኝ መጣች። በእጇ አንድ ሙሉ ደረቅ ሳሙና፣ ከነወረቀቱ ይዛለች። "ማን ሞተ?" አልኳት።

"ማንም እንዳይሞት ነው" አለች። "ማዶ ውሰጂኝ። ሄጄ እኔው በእጄ አጥበዋለሁ።"

ገደሉን ወርደን ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሆነ። የእማማ ጌታነሽ ቤት ሲታይ እናቴ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ መርጣ ጫንቃዋ ላይ አደረገች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗም ደክሟል።

"ለኔ ስጪኝ" አልኳት። "ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያሰጣሁት እኔ ነኝ።"

"እንዶዱን የወቀጥኩት እኔ ነኝ" አለች።

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ እየሄደች ነበር የምትናገረው።

"አንድ ቁና እንዶድ ከሰማይ የወረደ መስሎሽ ነበር? የጆሮዬን ወርቅ ሰጥቼ ነው ያመጣሁት። ስልቻውን ያወረድኩት እኔ፣ ፀሐዩን ያሳየሁሽ እኔ። በኔ እጅ ቢታጠብ ስንታየሁ ያርደኛል። ልጅ ካጠበው ግን የእግዜር ሥራ ነው ይላሉ ብዬ ነበር። ወንዴ መጥቶ ታጥቦ ሲያገኘው ይተወዋል ብዬ። ሰውየው ማዶ ሆኖ እንደሚያየን መች አወቅሁ?"

"ለምን ገረፍሽኝ ታዲያ?"

"ሸዋረግ እያየችኝ አልነበር? ለባሏ ምን ብላ ትንገረው?" ትንፋሿ አጠረ። "ክንድሽን እንደሰበርኩት ያወቅሁት በኋላ ነው።"

ተናድጄ ነበር፤ አዝኜላትም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ አሁንም አልለየሁም። ያን ሁሉ ዓመት ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ብቻዬን ስሸከም፣ እሷም በበኩሏ ይኼንኑ ይዛ ትተኛ ነበር።

እማማ ጌታነሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እናቴ ተንበረከከች።

"ማን ነሽ?"

"ብርነሽ ነኝ፣ እማማ። የተገኘ ሚስት።"

"አውርጂው" አሉ። "በዚህ ቤት ድንጋይ ተሸክሞ የተረፈ ሰው የለም። አውርጂውና ተቀመጪ።"

እናቴ አላወረደችም። "ጋቢውን ይስጡኝ፣ እማማ። አጥቤ ልመልስልዎ። ሳሙና ገዝቻለሁ። ልጄ ከቤት ይውጣልኝ።"

"የቱን ጋቢ?"

"ያን። የመኳንንትን።"

"ያንማ ልጄን ቀበርኩበት" አሉ እማማ ጌታነሽ።

እናቴ ድንጋዩ ከጫንቃዋ ሲወርድ አልተሰማትም፤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

"የወንድሙ ልጆች ሲያድጉ አምጪ፣ እንስቀለው ብለው ጮኸውብኝ ነበር። ከጉድጓዱ አውጡት፣ የምትችሉ ከሆነ አልኳቸው። ሲቀበርማ ከፈን ልገዛለት ነበር፤ ኋላ ግን ጋቢውን ሳገላብጠው ታጥቦ የለም እንዴ አልኩ። ከልጄ ደም በቀር የሌላ ሰው ደም አልነበረበትም። የሰው ዕዳ ሳይኖርበት በንጹሕ ልብስ ተቀበረ።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ነሽ አይደል ያች ልጅ? እጅሽ ይባረክ።"

አሥራ ሰባት ዓመት የፈራነው ጋቢ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አፈር ውስጥ ነበር። ከኛ ማንም መጥቶ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ለማን ይንገሩ? እናቴ መሬቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እማማ ጌታነሽ አላባበሏትም፤ እስክትጨርስ ጠበቋት። ልንነሣ ስንል ሳሙናውን ከእጇ ወሰዱት።

"ይኼን ግን አልመልስም። የመኳንንት ልጅ፣ ገሊላ፣ በጥር ትዳራለች" አሉ።

ስንመለስ ገደሉ መሀል እናቴ አረፍ አለች። ከዚያ ሆኖ የቤታችን ካብ ይታያል። ባዶ ነበር። አንገቷ ድንጋዩ በተጫነበት አብጧል።

"ጽናት፣ ያን ጊዜ ደሙ ለቆ ነበር ወይ? የአባትሽ? እኔ ወደ ካቡ አልቀረብኩም እኮ።"

በጠርዙ በኩል የቀረው ጥላ ዐይኔ ላይ መጣ። ከቅርብ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ለቆ ነበር" አልኳት።

"በቀዝቃዛ ውሃ ነበር ያጠብሽው?"

"በቀዝቃዛ።"

"ጎበዝ" አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።